«ካርዱ ገንዘቤን በላው» ለምትሉ፦ የሚሞላ የትራንስፖርት ካርድ አጠቃቀም፣ ደረጃ በደረጃ

ቅሬታው ሁሌም ተመሳሳይ ነው። «ካርዱን ሞላሁት፣ በሩ ግን አልከፈተልኝም።» «አጭር መንገድ ሄጄ የረጅም መንገድ ቆረጠብኝ።» «ሒሳብ እንዳለኝ አውቃለሁ፣ ማሽኑ ግን የለህም ይለኛል።» አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም። ወይ አንድ ደረጃ ተዘሏል፣ ወይ ማሽኑ መልስ ሳይሰጥ ተሳፋሪው አልፎ ሄዷል።

ካርዱን እንደ ወረቀት ቲኬት ካያችሁት መሳሳታችሁ አይቀርም። ቲኬት ይገዛል፣ ይታያል፣ ይጣላል። ይህ ካርድ ግን ጉዞ ይከፍታል፣ ጉዞ ይዘጋል፣ በመካከሉ ያለውን ያሰላል። የከፈታችሁትን ጉዞ ካልዘጋችሁት ማሽኑ በራሱ ግምት ይዘጋዋል። ግምቱ ደግሞ ለእናንተ አዝኖ አያውቅም።

ስለዚህ ከዚህ በታች በየደረጃው የሚደጋገም አንድ ትእዛዝ አለ፦ አስጠጉ፣ ያዙ፣ መልሱን እዩ። ሦስተኛው ነው የሚዘለለው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ካርዱ ውስጥ ምን አለ?

ባትሪ የለውም። ያለው ትንሽ ቺፕና በካርዱ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የሽቦ አንቴና ነው። ማንበቢያው ማሽን በ13.56 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። አንቴናው ከዚያ ሞገድ ኃይል ይወስዳል፣ ቺፑ ይነቃል፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ካርዱ ሲርቅ ቺፑ ወዲያው ይጠፋል። ንግግሩ የሚፈጀው ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም፤ ግን ያቺ ግማሽ ሰከንድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተሉትን ያዙ፦

- ርቀቱ ቢበዛ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በተግባር ግን ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲሜትር በላይ አትመኑት።
- ካርዱን ለቁልፍ ማንጠልጠያ ብላችሁ አትብሱት። ቀዳዳው አንቴናውን ካገኘው ካርዱ ሞተ ማለት ነው፤ ላዩ ግን አዲስ ይመስላል።
- የኋላ ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ አትቀመጡበት። ደጋግሞ የታጠፈ ካርድ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ያኮርፋል።
- ብረት ሞገዱን ይዘጋል። የብረት ካርድ መያዣ፣ ሳንቲም፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለ የብር ወረቀት ሁሉ ያግዳል።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በመጀመሪያው ቀሪ ሒሳቡ የሚጻፈው ቺፑ ላይ ነው። የሆንግ ኮንጉ ኦክቶፐስ (ከ1997 ጀምሮ)፣ የቶኪዮው ሱይካ (ከ2001 ጀምሮ) እና የለንደኑ ኦይስተር (ከ2003 ጀምሮ) የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በሁለተኛው ካርዱ የያዘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ያለው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። የቺካጎው ቬንትራ እንዲህ ነው። ልዩነቱ ለምን እንደሚጠቅማችሁ ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ካርድ ምረጡ

መስኮቱ ጋ ደርሳችሁ «ካርድ ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። እነዚህን ጠይቁ፦

1. ካርዱ በየትኞቹ መጓጓዣዎች ላይ ይሠራል? አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ጀልባ? አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ድርጅት ሁለት ካርድ ሊኖረው ይችላል።
2. የካርዱ ዋጋ የሚመለስ መያዣ ነው ወይስ ቀርቶ የሚቀር ክፍያ?
3. ካርዱ ስንት ዓመት ያገለግላል? ሳይነካ ከቆየ ምን ይሆናል? ለምሳሌ ሱይካ 10 ዓመት ሙሉ ካልተነካ ዋጋ ያጣል፤ የዱባዩ ኖል ካርድ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው።
4. ለተማሪ፣ ለአረጋዊ፣ ለሕፃን ወይም ለአካል ጉዳተኛ የቅናሽ ካርድ አለ?
5. ለስንት ሰው ይሠራል?

አምስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። መግቢያም መውጫም ላይ በሚነካበት አሠራር አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ አንዱ ሰው ሳይወጣ ለሌላው አይከፍትም። በሌላ በኩል የኢስታንቡል ካርድ በአንድ ካርድ ደጋግሞ አስነክቶ ብዙ ሰው ማሳለፍ ይፈቅዳል። አንዱ አገር የለመዳችሁትን ሌላው አገር ላይ አትሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅናሽ ካርድ በስም የወጣ ከሆነ ለወንድም ወይም ለጓደኛ አይሰጥም። ተቆጣጣሪ ሲይዘው ቅጣቱ ለዓመት ካተረፋችሁት ይበልጣል፤ ካርዱም ይወሰዳል።

የክፍል ልዩነት ካለም አስተውሉ። ኖል ላይ ወርቃማው ካርድ ለተለየው የባቡር ክፍል ነው፤ ብርማውን ይዞ እዚያ የተቀመጠ ሰው ይቀጣል። «በሩ ካስገባኝ መብቴ ነው» የሚል ክርክር አይሠራም። በሩ የሚያውቀው ጣቢያ መግባታችሁን እንጂ የት ወንበር ላይ እንደተቀመጣችሁ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ካርዱን በስማችሁ አስመዝግቡ

ይህን ለነገ አታሳድሩት። ያልተመዘገበ ካርድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው። ከጠፋ ያገኘው ሰው ይጓዝበታል፣ እናንተ ምንም ማድረግ አትችሉም።

1. ካርዱን ገልብጡና ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ፎቶውን ካርዱ ቢጠፋም በምታገኙት ቦታ አስቀምጡ።
2. በድርጅቱ አፕ ወይም ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ፣ ቁጥሩን አስገቡ።
3. የማረጋገጫ መልእክት እስኪደርሳችሁ ጠብቁ። ካልመጣ አልተመዘገበም፤ እንደገና ጀምሩ።
4. የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ካርዱ በመጀመሪያው ሳምንት ከተበላሸ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ማስመዝገብ የማይፈቅዱ ካርዶችም አሉ፣ በተለይ ለቱሪስት የሚሸጡት። እንደዚያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብዙ ገንዘብ አትሙሉ። የሁለት ቀን ሒሳብ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ሙሉ፣ መግባቱንም አረጋግጡ

ቅሬታ የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላዘግም።

በማሽን ስትሞሉ

1. ካርዱን ማስቀመጫው ላይ አድርጉ። መጀመሪያ የሚታየውን ቀሪ ሒሳብ አንብቡና ያዙት።
2. የምትሞሉትን መጠን ምረጡ፣ ከዚያ ክፈሉ።
3. ካርዱን አታንሱ። «ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍና አዲሱ ሒሳብ እስኪታይ እጃችሁን ሰብስቡ።
4. አዲሱ ሒሳብ የድሮው ሲደመር የከፈላችሁት መሆኑን አስሉ።
5. ደረሰኝ ውሰዱ። ማሽኑ «ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» ሲል «አይ» የማለት ልማድ አለን፤ እዚህ ላይ ተዉት።

ሦስተኛው ላይ የሚቸኩል ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ካርዱን ሳይሞላ ይሄዳል። ክፍያው ከባንክ ወጥቷል፣ ቺፑ ላይ ግን አልተጻፈም። ይህ ከደረሰባችሁ ሌላ ማሽን ላይ ሄዳችሁ እንደገና አትክፈሉ። ካርዱን እዚያው መልሱት። አንዳንድ ማሽን የተቋረጠውን ይጨርሳል። ካልጨረሰ የማሽኑን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን ጻፉ፣ ማያ ገጹን ፎቶ አንሱ፣ ወደ መስኮቱ ሂዱ። ማሽኑ የራሱ መዝገብ ስላለው ቁጥሩንና ሰዓቱን የያዘ ሰው ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። «ትናንት ማታ እዚያ ጋ ያለው ማሽን» ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ቀጠሮ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

በስልክ ወይም በድረ ገጽ ስትሞሉ

የሁለቱ አሠራር ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ገንዘቡ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የሞላችሁት ወዲያው ወይም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። ገንዘቡ ቺፑ ላይ ከሆነ ግን በኢንተርኔት የከፈላችሁት ገንዘብ መጥቶ ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት አያውቅም። ስለዚህ ገንዘቡ ማንበቢያ ማሽኖች ላይ ይጠብቃችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታስነኩ ማሽኑ መጀመሪያ ይሞላል፣ ከዚያ ይቆርጣል።

በዚህ ምክንያት፦

- በር ላይ ቆማችሁ አትሙሉ። የሞላችሁት ወደ ማሽኖቹ እስኪደርስ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ማታ ሙሉ፣ ጠዋት ተጓዙ።
- አውቶቡስ ላይ ያለ ማሽን ሁልጊዜ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያውን ንክኪ ከቻላችሁ ባቡር ጣቢያ ላይ አድርጉት።
- የሚጠብቀው ገንዘብ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ካልወሰዳችሁት ወደ ከፋዩ ይመለሳል።
- ሒሳቡ አልገባም ብላችሁ ሁለተኛ ጊዜ አትሙሉ። በማግስቱ ሁለቱም ይገባሉ።

ስልካችሁ ኤንኤፍሲ (ካርድን በቅርብ ርቀት በሞገድ የሚያነብ መሣሪያ) ካለውና የድርጅቱ አፕ የሚፈቅድ ከሆነ ካርዱን ስልኩ ጀርባ ላይ አድርጋችሁ ቀሪ ሒሳቡን ማንበብ፣ አንዳንዴም እዚያው መሙላት ትችላላችሁ። ለእኔ ከሁሉ የተመቸኝ ይሄ ነው። ወረፋ የለም፣ ጥበቃም የለም።

ስንት ልሙላ?

ዝቅተኛ የመግቢያ ሒሳብ የሚባል ነገር አለ። የምትሄዱት አንድ ፌርማታ ቢሆንም በሩ የሚከፍተው ካርዱ ላይ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲኖር ነው። ማሽኑ የት እንደምትወርዱ ስለማያውቅ ዋስትና ይፈልጋል። «ለጉዞዬ የሚበቃ አለኝ» ብሎ የሚጣላ ሰው የዘነጋው ይህን ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ጉዞ ዋጋ በላይ ትርፍ ይኑራችሁ። ኦክቶፐስ በመጨረሻዋ ጉዞ ከዜሮ በታች መውረድን ይፈቅዳል፤ መያዣው ስለሚሸፍንለት ነው። በሌሎች ዘንድ ይህን አትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ በሩ ጋ ሳትደርሱ ካርዱን አውጡ

በር ላይ ቆሞ ቦርሳ መፈተሽ ከኋላ ያለውን ሰው ያስቆጣል። እናንተንም ያጣድፋል፤ የተጣደፈ ደግሞ መልሱን አያይም።

ከሁሉ በላይ ግን ካርዱን ከሌሎች ካርዶች ለዩት። ቦርሳችሁ ውስጥ የባንክ ካርድ፣ የሥራ መታወቂያና የትራንስፖርት ካርድ አብረው ካሉ ማንበቢያው ሁሉንም ያነቃቸዋል። ያኔ ወይ ግራ ተጋብቶ ይከለክላል፣ ወይ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣል። የባንክ ካርድ የሚቀበል ማሽን ከሆነ የሚመርጠው የባንኩን ሊሆን ይችላል።

በራሴ ደርሶብኛል። ቦርሳዬን ሳልከፍት እንዳለ አስነክቼ ገባሁ። ማሽኑ ለካ የያዘው የባንክ ካርዴን ነበር። ስወጣ ግን ጨዋ ሰው ሆኜ የትራንስፖርት ካርዱን ለብቻው አውጥቼ አስነካሁ። በማግስቱ ሳይ አንዱ ካርድ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ ተብሎ ሁለቱም ላይ ትልቁ ታሪፍ ተቆርጧል። አንድ ጉዞ፣ ሁለት ቅጣት። ከዚያ ወዲህ ካርዱ የራሱ ኪስ አለው።

በስልክ ወይም በሰዓት ለምትከፍሉም ይኸው ነው። የባንክ ካርዳችሁና እሱኑ የጫናችሁበት ስልክ በማሽኑ ዓይን ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው፤ ሒሳቡ አንድ መሆኑ አያገናኛቸውም። በስልክ ከገባችሁ በስልክ ውጡ። የስልኩ ባትሪ መንገድ ላይ ካለቀ ጉዞው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ 5 በመቶ ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ መግቢያው ላይ አስነኩ

1. ማንበቢያውን ፈልጉ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ የሞገድ ሥዕል አለበት። በሩ ላይ በቀኝ እጅ በኩል ይገኛል። ግራኞች ተጠንቀቁ፤ በግራ እጅ ስታስነኩ የጎረቤቱን በር ትከፍታላችሁ።
2. ካርዱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ አሳርፉ። በጎን አታሳዩት፣ አትጥረጉት፣ አታወዛውዙት።
3. አንድ ሰከንድ ያዙ።
4. መልሱን እዩ፦ መብራት፣ ድምፅ፣ ጽሑፍ። አረንጓዴና አንድ አጭር ድምፅ ብዙ ቦታ «እለፍ» ማለት ነው። ቀይ «ቁም» ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደጋገም ድምፅ ሒሳብ እያለቀ መሆኑን ወይም የቅናሽ ካርድ መሆኑን ሊናገር ይችላል።
5. የታየውን ቀሪ ሒሳብ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ እለፉ።

በሩ ክፍት ቢሆንም አስነኩ። ሰው ሲበዛ ወይም ማሽን ሲበላሽ በሮች ክፍት ይተዋሉ። «ዛሬ ነፃ ነው» አይደለም። ሳትነኩ ገብታችሁ መውጫው ላይ ብትነኩ ሲስተሙ የሚያየው መጀመሪያ የሌለው ጉዞ ነው።

ካልሠራ

ምንም መልስ ከሌለ፦ ካርዱን አርቁ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ እንደገና መሃሉ ላይ አሳርፉ። አሁንም ዝም ካለ ሌላ ማንበቢያ ሞክሩ። በሌላውም ዝም ካለ ችግሩ ካርዱ ነው። ሌላው ላይ ከሠራ ማሽኑ ነው።

«በድጋሚ ያስጠጉ» ካለ፦ ቶሎ አንስታችኋል። ያንኑ ካርድ እዚያው ማሽን ላይ መልሱት። ወደ ሌላ ማሽን አትሩጡ፤ ግማሽ የተጻፈውን መጀመሪያ ይጨርስ።

«ሒሳብ አይበቃም» ካለ፦ ዝቅተኛውን የመግቢያ ሒሳብ አስታውሱ። በኢንተርኔት ሞልታችሁ ከሆነ ገና አልደረሰም።

«ቀድሞ ገብቷል» ካለ፦ ወይ ያለፈው ጉዞ ሳይዘጋ ቀርቷል፣ ወይ አሁን ሁለት ጊዜ ነክታችኋል። እየደጋገማችሁ አትነካኩት። ወደ ሠራተኛው ሂዱ።

የአውቶቡሱ ማሽን ከተበላሸ፦ ለሹፌሩ በቃል ንገሩ። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የአውቶቡሱን ቁጥርና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ተቆጣጣሪ ከመጣ የምትናገሩት ተጨባጭ ነገር ይኑራችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አረንጓዴ ካያችሁ በኋላ «ለማንኛውም» ብላችሁ ሁለተኛ ጊዜ አታስነኩ። አንዳንድ ሲስተም ይህን እንደ መውጫ ይቆጥረዋል፤ የኔዘርላንዱ ኦቪ ቺፕካርት ለዚህ የታወቀ ነው። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጣችሁ በወረቀት ላይ ግን ወጥታችኋል። ተቆጣጣሪው ሲያስነካው «ያልገባ» ይለዋል።

ደረጃ 6፦ መንገድ ላይ

ካርዱን ቅርብ ኪስ አድርጉት። ተቆጣጣሪ በእጅ ማሽን ሲጠይቅ ካርዱን ስጡት፤ የመጨረሻው ንክኪ መቼና የት እንደሆነ ይታየዋል።

መጓጓዣ የምትቀይሩ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። በሴኡል ከወረዳችሁ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሌላውን ከያዛችሁ እንደ አንድ ጉዞ ይታያል፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ደግሞ ወደ 60 ደቂቃ ይረዝማል። በለንደን አውቶቡስ ከመጀመሪያው ንክኪ ጀምሮ አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትይዙ አትከፍሉም። ቅናሹ እንዲታሰብ ግን ካርዱ ያው መሆን አለበት። በመካከል ካርድ የቀየረ ሰው ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ባቡር ስትቀይሩ መቀየሪያው ጣቢያ ላይ በር ወይም ለብቻው የቆመ ማንበቢያ ሊኖር ይችላል። ለንደን ውስጥ ሮዝ ቀለም ያላቸው ማንበቢያዎች አሉ። የሚነኩት በየት በኩል እንደዞራችሁ ለማሳየት ነው፤ ካልነካችኋቸው ሲስተሙ በውዱ መስመር እንደሄዳችሁ ሊገምት ይችላል። ያያችሁትን ሁሉ ግን አትንኩ። ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ አጠገቡ አለ፤ አንብቡት።

ደረጃ 7፦ መውጫው ላይ አስነኩ

እንደ ደረጃ 5 ነው፦ አሳርፉ፣ ያዙ፣ እዩ። ልዩነቱ የሚታየው ቁጥር ላይ ነው። አሁን የተቆረጠውን ገንዘብ ያሳያችኋል። አስደንጋጭ ከሆነ ከጣቢያው ሳትርቁ ጠይቁ።

ጥያቄው «ሁልጊዜ መውጫ ላይ ይነካል ወይ?» ነው። አይደለም፤ እንደ ቦታው ይለያያል።

- ታሪፉ እንደ ርቀቱ ከሆነ፦ ስትገቡም ስትወጡም ንኩ። የምድር ባቡር ብዙ ቦታ እንዲህ ነው።
- ታሪፉ አንድ ወጥ ከሆነ፦ መግቢያ ላይ ብቻ። የለንደን አውቶቡስ እንዲህ ነው።
- በሴኡል አውቶቡስ ላይ ስትወርዱም ትነካላችሁ፤ ካልነካችሁ የመቀየሪያ ቅናሹ ይቀራል።
- በሆንግ ኮንግ ትራም ላይ ደግሞ ክፍያው ስትወርዱ ብቻ ነው።
- በኢስታንቡል ሜትሮቡስ (የራሱ መንገድ ያለው አውቶቡስ) መግቢያ ላይ ትልቁ ታሪፍ ይቆረጣል። ቀድማችሁ ከወረዳችሁ መውጫው አጠገብ ባለው የተመላሽ ማሽን ላይ አስነክታችሁ ትርፉን ትወስዳላችሁ። ማሽኑን ሳያይ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው።

አዲስ ከተማ ስትገቡ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ «ስወርድ እነካለሁ?»

ሒሳብ አንሶ መውጣት ካቃታችሁ፦ በሩን አትግፉ፣ ሰው ተከትላችሁ አትሹለኩ። ጃፓን ውስጥ ከመውጫው በፊት የጎደለውን የሚሞላ ማሽን አለ። ሌላ ቦታ ሠራተኛ ጥሩ ወይም የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ።

በገባችሁበት ጣቢያ መልሳችሁ ከወጣችሁ፦ ስልክ ረስታችሁ ይሆናል፣ ባቡሩ ተቋርጦ ይሆናል። ዝም ብላችሁ አትውጡ። አንዳንድ በር አይከፍትም፤ አንዳንዱ ይከፍትና ይቆርጣል። መጀመሪያ ለሠራተኛው ንገሩ፣ መግቢያውን ይሰርዝላችሁ።

ሳትነኩ ከወጣችሁ

1. ከጣቢያው ገና ካልራቃችሁ ተመለሱና ንኩ። ጥቂት ደቂቃ ቢያልፍም ብዙ ጊዜ ጉዞው በትክክል ይዘጋል።
2. ከራቃችሁ ቀኑን፣ የገባችሁበትን ጣቢያ፣ የወጣችሁበትንና ሰዓቱን ወዲያው ጻፉ።
3. በሌላ ጣቢያ ሄዳችሁ «ልዝጋው» ብላችሁ አትንኩ። ያልሄዳችሁትን መንገድ ትከፍላላችሁ ወይም አዲስ ጉዞ ትከፍታላችሁ።
4. ጉዞው በአካውንታችሁ ታሪክ ላይ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ እስኪታይ ጠብቁ፤ አንድ ቀን ይበቃል።
5. በአፑ ወይም በድረ ገጹ የተመላሽ ጥያቄ አቅርቡ። የጊዜ ገደብ አለው፤ ወር እስኪሞላ አትጠብቁ።

ተመላሹ ሲፈቀድ እንደ ኢንተርኔት ሙሌት መጥቶ ማሽን ላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አስነክታችሁ ውሰዱት።

ደረጃ 8፦ በሳምንት አንዴ ታሪኩን አንብቡ

አካውንቱን ክፈቱና የጉዞ ዝርዝሩን እዩ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ መጨረሻ የሌለው ጉዞና ከወትሮው የተለየ መጠን። የቀን ጣሪያ ባለበት ከተማ፣ ማለትም በቀን ከተወሰነ መጠን በላይ በማይቆረጥበት፣ ጣሪያው መያዙንም እዩ። ያልተዘጋ ጉዞ ጣሪያው ውስጥ ላይቆጠር ይችላል።

በራሱ እንዲሞላ ያደረጋችሁት ካርድ ካለ በተለይ ተከታተሉት። ሒሳቡ ስለማያልቅ ስህተቱ አይታያችሁም።

ደረጃ 9፦ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ

ጠፋ፦ ያስመዘገባችሁት ከሆነ በአካውንቱ ገብታችሁ አሁኑኑ አዘጉት። «ቤት ውስጥ ይገኛል» እያላችሁ አትዘግዩ፤ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚያድኑት ካዘጋችሁ በኋላ ያለውን ሒሳብ ነው። አንዴ የተዘጋ ካርድ በኋላ ቢገኝም ብዙ ጊዜ መልሶ አይከፈትም። ቀሪው ወደ አዲስ ካርድ እንዲዛወር ጠይቁ። በራሱ የሚሞላ ከነበረ ከባንክ ሒሳባችሁ ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጡንም አረጋግጡ።

ተበላሸ፦ አትቅደዱት፣ አትጣሉት። በካርዱ ቁጥር የመጨረሻው ሒሳብ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ይገኛል። ቁጥሩ ተፋፍቆ ከጠፋ ደረጃ 2 ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ያኔ ይጠቅማል። በውሃ ከራሰ አይበላሽም፤ ጥረጉና ሞክሩ። ሙቀት ግን ያጣምመዋል፣ በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ አትተዉት።

የምሰማው አንድ ስጋት አለ፦ «ሰው አጠገቤ ቆሞ በማሽን ገንዘቤን ቢወስድስ?» የትራንስፖርት ካርድ የባንክ ሒሳባችሁን ቁጥር አልያዘም። ርቀቱም ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ከሌባ ይልቅ ገንዘባችሁን የሚወስደው ያልዘጋችሁት ጉዞ ነው።

ደረጃ 10፦ ከከተማው ስትለቁ

1. የመጨረሻዎቹን ቀናት በትንሽ በትንሹ ሙሉ። ትልቅ ሒሳብ ማስመለስ ወረቀት ይጠይቃል።
2. በራሱ የሚሞላውን አስቀድማችሁ አጥፉ።
3. ሁሉም ጉዞ መዘጋቱን እዩ። ያልተዘጋ ጉዞ ያለበት ካርድ ተመላሽ አይሰጠውም ወይም ይዘገያል።
4. የመመለሻ ክፍያ መኖሩን ጠይቁ። ክፍያው ከቀሪው ከበለጠ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ካላለፈ ስትመለሱ ይሠራል።
5. መያዣ ከፍላችሁ ከነበረ ከቀሪው ሒሳብ ጋር አብሮ እንዲመለስ በስም ጠይቁ። ሳትጠይቁ የሚሰጣችሁ ቀሪው ብቻ ሊሆን ይችላል።
6. መስኮቱ የት እንዳለና መቼ እንደሚዘጋ ቀድማችሁ እወቁ። አውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ ላይ ያለው መስኮት የሌሊት በረራ አይጠብቅም።